የቅመሱ ቤት

ባለፈው ሰሞን ከሐረር ወደ ጅግጅጋ ስመለስ ሚኒባሱ እንደ ልማዱ ባቢሌ ላይ ለለውዝ ቆመ። ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት እጁን እየሰደደ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ ለውዝ ሲቀበል፣ አንዲት ወጣት ሶማሌ ቢጫ ጀሪካን አቅፋ ገባችና አጠገቤ ተቀመጠች። የጀሪካኑ አፍ በጨርቅ ተወትፏል። መኪናው ሲነሳ ጨርቁ ላላ አለና ያ ሽታ መጣ። ወተቱ ከመጨመሩ በፊት የዕቃውን ውስጥ በሚጤስ እንጨት ያጥኑታል፤ ጭሱና ወተቱ ሲዋሃዱ የሚሰጡትን ሽታ አንዴ የለመደ ሰው አይረሳውም። ሹፌሩ "ኧረ መስኮት ክፈቱ!" አለ። እኔ ዝጉት ልል ምንም አልቀረኝ። "የግመል ነው?" አልኳት። "አዎ ኤዶ" አለችኝ። ኤዶ በእነሱ አክስት ማለት ነው፤ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ሁሉ የምትጠራበት ነው። "ቀምሰሽዋል?" ስላት ግራ ተጋብታ አየችኝ። "የራሴ ወተት እኮ ነው!" አለች። "ችግሩማ እሱ ነው" ብዬ ብቻዬን ስስቅ፣ ልጅቱ ጀሪካኗን ቀስ አድርጋ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። አልፈረድኩባትም።

ያሳቀኝ ያ ዘመን ትዝ ብሎኝ ነው። ዘመን ስል በጣም የራቀ አይምሰላችሁ፤ አሥር ዓመት እንኳ አልሞላውም። ግን በዚህ መሃል ጅግጅጋ ስንቴ እንደተለዋወጠች የሚያውቅ አይስቅብኝም። ያኔ አንድ ሊትር የግመል ወተት በሠላሳ ምናምን ብር ይገኝ ነበር። ባጃጅ ከመናኸሪያ ሥጋ ተራ ድረስ በአምስት ብር ትወስዳለች፤ ሰው ካልሞላም ሹፌሩ ራሱ ወርዶ ይጣራል። ሴቶቹ ብርቱካንማና ደማቅ ቢጫ ስስ ቀሚስ ይለብሳሉ። ከካራማራ በኩል ነፋስ ሲነሳ የመንገዱ ልብስ በሙሉ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ወገን ይወዛወዛል፤ እኔም ነጠላዬን በጥርሴ ነክሼ እሮጣለሁ። የሴቶች ማኅበራችን መሸጫ ቤት ሥጋ ተራ ጥግ ላይ ነበረች፤ አንዲት ክፍል፣ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር። ፊት ለፊቷ የሐሰን ሻይ ቤት አለ። ሐሰን ከጠዋት እስከ ማታ በተሰነጠቀ ስፒከር በኡድ ክር የታጀበ የድሮ የሶማሌ ዘፈን ይከፍታል፤ አንድ ቃሉን ሳላውቀው እስከ ዛሬ አንጎራጉረዋለሁ። ዛሬ እዚያ ጥግ ላይ የሞባይል ቀፎና ቻርጀር ይሸጣል። ማኅበራችን አልፈረሰም፤ ወጣቶች ተረክበውት ፎቅ ሥር ገብቷል፣ ፍሪጅ አለው፣ ወተቱም በፕላስቲክ ጠርሙስ ስም ተለጥፎበት ይደረደራል። ንጹሕ ነው፣ ምንም እንከን አይወጣለትም። ብቻ ማንም ቀምሶ አይሸጥልህም።

ነገሩ የተጀመረው ከተማዋ በተረበሸችበት ክረምት ነው። ስለዚያ ክረምት ብዙ መናገር አልወድም፤ የነበረበት ያውቀዋል። እኔ የበርበሬና የሽሮ ሱቅ ነበረኝ። ባለቤቴ በመንግሥት ሥራ ተመድቦ ሲመጣ አብሬው የመጣሁ፣ እሱ ካረፈ በኋላም እዚያው የቀረሁ ሴት ነኝ። በዚያ ክረምት የሱቄን ቁልፍ ለጎረቤቴ ለሳህራ ጥዬላት ሐረር ዘመድ ቤት ተጠጋሁ። ሳህራ እኩያዬ ናት፤ ረጅም፣ ድምጿ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ፣ የባሏ ወንድም ከሐርተሼክ ወዲያ ከገጠር የሚልክላትን የግመል ወተት እየሸጠች ልጆች ያሳደገች ሴት። ስመለስ ሱቄ ባዶ ነበር። ሳህራ ቤት ስገባ ግን እንግዳ መቀበያ ክፍሏ በርበሬ በርበሬ ይላል፤ ጆንያዎቼን በሙሉ አሸክማ ወስዳቸው ኖሯል። ግማሹን ሽጣዋለች። "ነቀዝ ሊበላው ነው ብዬ ሸጥኩት፣ አባዮ" አለችኝ። አባዮ እህቴ እንደማለት ነው። "ደግሞስ ማን ገዛሽ?" አልኳት፤ የዚያን ሰሞን ገበያው ጭር ያለ ነበርና። "ስላሞገስኩት ነዋ! አንቺ እኮ ሰው 'እንዴት ነው?' ሲልሽ 'ምንም አይልም' ትያለሽ። ምንም አይልም የሚሉትን በርበሬ ማን ይገዛል?" አለችኝና አሳቀችኝ። ከዚያ ክረምት በኋላ የመጀመሪያው ሳቄ ነበር።

እኔም ዝም አላልኳትም። "አንቺስ? ሰው ሳይጠይቅሽ ሦስቴ ዋላሂ ትያለሽ። ገዢው ምን የደበቀችው ነገር ቢኖር ነው ብሎ ይሸሻል" አልኳት። ተኮራርፈን ሻይ ጠጣን። እውነቱን ነው የተናገርነው፤ ሰው ስለ ራሱ ዕቃ ሲናገር ወይ ያሳንሳል ወይ ያጋንናል። በሳምንቱ እኔ ወተቷን፣ እሷ በርበሬዬን ይዘን በአንድ በር ሥር ተቀመጥን። ገበያ ደራልን። ሌሎች ሴቶች ተጠጉን፤ ከአፍደም በባቡሩ መስመር በኩል ቅቤ የምታስመጣ አንዲት መበለት፣ የሰሊጥ ዘይት የምታስጨምቅ፣ ማር ያላት፣ ማሽላ ያላት። ጡረታ የወጡት መምህር አቶ ታደለ፣ ማር ሲያዩ የማያስችላቸው የዘወትር ደንበኛችን፣ "እንግዲህ ይኼ ማኅበር ነው፤ ወግ ይያዝለት" ብለው ወረቀቱን ይዘው ቢሮ ለቢሮ ተንከራተቱልንና ሊቀ መንበራችን ሆኑ። ሕጉ ግን ከሻዩ ላይ የመጣ ነው። ማንም የራሱን አይሸጥም። ሻጯ የጓደኛዋን ዕቃ ገዢው ፊት አስቀድማ ትቀምስና ያገኘችውን ትናገራለች። ፋብሪካ የነካው አይገባም። ወተት በፕላስቲክ አይመጣም፤ ከዛፍ ሥራ ሥር ተጠልፎ በሚሠራው በአገሩ የወተት ዕቃ፣ በሃን ነው የሚመጣው።

ያን ጊዜ ወሬው ሁሉ የባዕድ ነገር ወሬ ነበር። በርበሬ ውስጥ ሸክላ ፈጭተው ከተቱ፣ ቅቤውን በሙዝ አበዙት፣ እንጀራው ጄሶ አለበት፤ በየቀኑ አዲስ ይሰማል። ሰው የገዛውን ሁሉ እያገላበጠ ያሸታል። የእኛ ሴቶች ግን አስቀድመው አፋቸው ውስጥ ሲጨምሩት ሲያይ ልቡ ያርፋል፤ ስማችንም የቅመሱ ቤት ሆኖ ቀረ። ሳህራ መጀመሪያ ቀን በርበሬዬን በማንኪያ ሙሉ ቃመችውና ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ ገዢዎቹ ይህን አይተው ተሻሙበት። ከዚያ ወዲያ በጣቷ ጫፍ ለመደችው። እኔም ወተት መለየት ተማርኩ፤ የዛሬውን ከትናንቱ፣ ዝናብ ያበቀለውን ጠግባ ከበላች ግመል የመጣውን ከጠማት፣ ዕቃው በየትኛው እንጨት እንደታጠነ። ስለ ግመል አንዲት ነገር ሳላውቅ ሠላሳ ዓመት ጅግጅጋ ኖሬ፣ በስተርጅና የወተት አዋቂ ሆንኩ። ሳህራ አሁን ሐርጌሳ ልጇ ዘንድ ናት፤ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት ነው የሄደችው። አንዳንድ ማታ በዋትስአፕ ትደውልና "በርበሬሽን ማን እያሞገሰልሽ ነው?" ትለኛለች። ማንም፣ እላታለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አስቸጋሪ ነበር፤ ጾም። ረቡዕና ዓርብ እኔ ወተት አልቀምስም፤ ከሙስሊሞቹ አንዷ ትተካኛለች። በረመዳን እነሱ ቀን በአፋቸው ምንም አያደርጉምና እኛ ክርስቲያኖቹ ለሁሉም እንቀምሳለን። እንዲህ ተሳስበን ስንኖር፣ አንድ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተደራርበው ገቡ። ስብሰባ ተቀመጥን። አቶ ታደለ መነጽራቸውን አውልቀው "ወተቱንና ቅቤውን ማን ይቀምሳል?" ሲሉ ሁላችንም ተያየንና በሳቅ ፈረስን። አንዷ "የማይጾም ሰው እንቅጠር" አለች። "ደመወዝተኛ ምላስ ስለሰው ዕቃ ምን ይጨንቀዋል?" አሉ አቶ ታደለ። በመጨረሻ በእነዚያ ሳምንታት ወተትና ቅቤ በማሽተት ብቻ እንዲሸጥ ተስማማን። ማሽተት የቆየውን ከትኩሱ ይለያል፤ ሌላው በእምነት ይሁን አልን። እኛን የመሰለ ማኅበር ብቻ የሚሳሳተው ስህተት ነበር።

በዚያው ላይ ያን ዓመት ዝናቡ ቀርቷል። ካለፈው የቀጠለ መቅረት ነው። ከገጠር የሚመጡ መኪኖች ከብት ሳይሆን ሰው ጭነው ይመጣሉ፤ በመንገዱ ዳርና ዳር የወደቁ እንስሶች ይታያሉ ይባላል። የሌሎቹ ሴቶች ሃን ሲጎድል፣ ሲጎድል፣ አንዳንዱም ጨርሶ መምጣቱን ሲተው፣ የሳህራ ግን እንደሞላ ይመጣ ነበር። ወተቷን የምሸጠው እኔ ነበርኩና ኮራሁበት። "የሳህራ ግመሎች ድርቅ አያውቁም!" እያልኩ ለማፍጠሪያ የሚሰለፈውን ሰው አስቅ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሐሰን ጆጉን ይዞ መጣ። አልሰጠኝም፤ ጠጋ ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ "ኤዶ፣ ትናንት እቤት በውሃ ነው ያፈጠርነው" አለኝ። "ምን ማለትህ ነው?" "ወተቱ ውሃ ነበረው። ለአንቺ ብዬ ነው ለማንም ያልተናገርኩት።" ጮኾ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ ባይናገርም ሌላው ተናገረ። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሰልፉ አጠረ፤ ከሴቶቹም "ሳህራ ትውጣ፣ ስማችንን አጠፋች" የሚሉ ተነሱ። ሳህራ በዚያ በለመደችው ዋላሂ ማለች። የዚያን ቀን አመንኳት። ያቺ ሴት የእኔን ጆንያ በዚያ ክረምት አሸክማ ያዳነች ናት፤ ጾመኛ ሰው ውሃ ታጠጣለች ብሎ ማሰብ ለእኔ ነውር ነበር። ለእኔ ደግሞ ነገሩ የማኅበር ብቻ አልነበረም። አዳማ ያለው ልጄ በደወለ ቁጥር "እማዬ፣ እዚያ አገር ማን አለሽና ነው ወደ እኛ የማትመጪው?" ሲለኝ የምመልስለት አንድ ስም የእሷ ነበር።

አቶ ታደለ ዘዴ አመጡ። ነገ የሳህራ ሃን ሳይሸጥ ይቆይ፤ ፀሐይ ስትገባ፣ መግሪብ ላይ፣ ሁላችን ባለንበት ይከፈትና ይቀመስ አሉ። ሰዓቱ ደረሰና ቤታችን ደጅ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ተምርና ሳምቡሳ ቀረበ፣ ሐሰን ዘፈኑን አጥፍቶ ሻዩን ይዞ ተሻገረ። አዛን ሲባል ከሃኑ ቀድተን ለቅቤዋ መበለት ሰጠናት። ጠጣች፤ "አልሐምዱሊላህ" አለችና ኩባያውን አስቀመጠች። "እንዴት ነው?" ስትባል ደግማ "አልሐምዱሊላህ" አለች። ሐሰንም ጠጣ፤ ከአፉ የወጣው ያው ነው። ገባኝ። ሰው ጾሙን የፈታበትን ነገር አያማም። ሳህራ ቆማ ነበር የምታያቸው። "ተዉአቸው" አለች። "ቀኑን ሙሉ የጠማው ሰው ምን ይለያል? አሁን ውሃ ብትሰጡትም ይጣፍጠዋል።" ከዚያ ዞራ እኔን አየች። "የወተቴ ሻጭ አንቺ ነሽ፣ አባዮ።" "ሁዳዴ ነው እኮ ሳህራ" አልኳት። "አውቃለሁ። ቅመሺ አላልኩሽም" አለች። ዝም ብል ሰው ሁሉ ጥርጣሬውን ይዞ ሊበተን ነው፤ እሷም እንደተጠረጠረች ልትቀር ነው። ንጹሕ መሆኗን ስለማውቅ አንድ ጊዜ ብቀምስ ስሟን አወጣለሁ ብዬ አሰብኩ። እግዜርም ይቺን አይቀየመኝም አልኩ። አማተብኩና ኩባያውን አንስቼ ተጎነጨሁ።

ውሃ አለው። ጭሱ አለ፣ የወተቱ ሽታ አለ፣ ከሥሩ ግን ቀጭን፣ ምንም የማይል ውሃ። አፌ ውስጥ ይዤው ቆየሁ። ከሁሉ ያልጠማኝና ወተቱን የለመድኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ "ጥሩ ነው" ብል የሚያስተባብለኝ ሰው አልነበረም። ሳህራ ዓይን ዓይኔን ታያለች። ዋጥኩት። "ውሃ አለው" አልኩ። ሳህራ ኩባያውን ከእጄ ወስዳ ወደ ውስጡ አየች፣ ግን አልቀመሰችውም፤ የራሷን መቅመስ ሕግ አይደለማ። ሃኑን በሻርፗ ሸፈነችና ታቅፋው በሥጋ ተራ በኩል ሄደች።

በማግስቱ አልመጣችም። ስልኳ አይነሳም፤ ቤቷ በር ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ልጆቿን ብጠይቅ "ሄዳለች" ይሉኛል እንጂ የት እንደሆነ አይነግሩኝም፤ እነሱም ተቀይመውኛል። ከበርበሬዬ ጆንያ ኋላ ያለው በርጩማዋ ባዶውን ዋለ፤ ሌላ ሴት ተተክታ ሸጠችልኝ፣ ግን ድምፅዋ ከበሩ አያልፍም። የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄጄ ጾም መግደፌን ተናዘዝኩ። ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ካስረዳኋቸው በኋላ "እንግዲህ ወተቱ ውሃ ከነበረበት ግማሹን ጾመሻል" ብለው ፈገግ አሉ፤ ቀኖናም ቀለል አድርገው ሰጡኝ። ሊያስቁኝ እንደሆነ ገብቶኛል፣ ሳቅ ግን አልመጣልኝም። ልጄ ሲደውል ያንን ጥያቄውን ደገመው። በዚህ ጊዜ የምጠራው ስም አጣሁ። ፋሲካ ውሎ አደረ፤ ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አውጥቼ አቧራውን ጠረግኩ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ከተማ ያን ያህል ብቻዬን ሆኜ አላውቅም፤ በረብሻው ክረምት እንኳ።

ዒድ ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት፣ ደንበኞች በር ላይ ቆመው ሳለ፣ ሳህራ መጣች። ከስታለች፤ ቀሚሷ ጫፍ ድረስ አቧራ ነው። ሃኑን ታቅፋለች። ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችውና ቆማ መናገር ጀመረች፤ ለእኔ ነው የምትነግረኝ፣ ግን ሰው ሁሉ ይሰማል። ለካ የዚያኑ ሌሊት ነው በጭነት መኪና ወደ ገጠር የሄደችው። ከብታቸው ያለቀባቸው ቤተሰቦች የባሏ ወንድም መንደር ዙሪያ ሰፍረዋል። ወተት ያለው ቤት ለሌለው ይሰጣል፤ ይህ በእነሱ ዘንድ የሚጠየቅ ነገር አይደለም። ሰጥተው ሰጥተው ለሃኑ የሚተርፈው ሲያንስ፣ የቤቱ አዲስ ሙሽራ ጨነቃት። ጎዶሎ ዕቃ ለሳህራ መላክ፣ ያውም በረመዳን፣ ቤቱን የሚያዋርድ መሰላት፤ ስለዚህ በውሃ ሞላችው። "ምን አልኳት መሰለሽ?" አለች ሳህራ። "ባዶ ሃን ብትልኪልኝ በኩራት እሸከመው ነበር አልኳት። አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ።" ከዚያ ሃኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። "ከእነዚያ ሁሉ ሰዎች የተረፈው ይኼ ነው። ቅመሺና ለሰው ተናገሪ።"

ከፈትኩት። ከሥሩ አንድ ኩባያ ቢሞላ ነው። ቀዳሁና ተጎነጨሁ። እንዴት ያለ ወተት ነበር! ወፍራም፣ ጭሱ ገና ትኩስ የሆነ። ድምፄን ከፍ አድርጌ "የሳህራ ወተት ነው! ጥቂት ነው! ውሃ የለውም!" አልኩ፤ ዕንባዬን መግታት አልቻልኩም። ሐሰን ከማዶ ተሻግሮ መጣና "እስቲ ኤዶ" ብሎ እጁን ዘረጋ። ቀመሰና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሳህራን አየ። የቅቤዋ መበለት ተቀበለችው፣ "ሳህራ ትውጣ" ሲሉ ከነበሩት አንዷም ተቀበለች፣ ከዚያ አቶ ታደለ፣ ከዚያ ተሰልፎ የነበረው ሰው ከእጅ ወደ እጅ። ኩባያው ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ ሲደርስ ባዶ ነበር። ሳህራ ወገቧን ይዛ "ቀምሳችሁ ጨረሳችሁት እኮ! ማን ሊገዛ ነው?" ብላ ጮኸች፤ መንገዱ ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን ሳቁ እስኪያልቅ አልጠበቀችም፤ በርጩማዋን ስባ ከጆንያዬ ኋላ ተቀመጠችና በጣቷ ጫፍ በርበሬ አንስታ ምላሷ ላይ አደረገች።

ማታ ልጄ ደወለ። "እማዬ፣ ክፍልሽን ቀለም አስቀብተነዋል፤ መቼ መጥቼ ልውሰድሽ?" አለኝ።

"ለእንግዳ አድርጉት" አልኩት።